ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ኬሚስትሪን ከወንዝ ዳር የጀመሩት ተመራማሪ

ዶክተር አክሊሉ ለማ በኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንድ ተክል ጋር ተያይዞ የሚነሣ ተመራማሪ ናቸው። ተክሉ እንዶድ ነው። በእናቶች እጅ ለዘመናት ሲወቀጥ፣ ሲዘፈዘፍና ነጭ ልብስ ሲያጠራ የኖረው እንዶድ በእርሳቸው ጥረት ወደ ቤተ ሙከራ ገብቶ የበርካታ አገሮችን ሳይንቲስቶች ያነጋገረ የምርምር ርእስ ለመሆን በቅቷል። የሕይወት ታሪካቸው ለጤና ባለሙያው፣ ለኬሚስትሪ መምህሩና ለተማሪው፣ እንዲሁም ከወንዝና ከሐይቅ ውኃ ጋር ተያይዞ ለሚኖር ዜጋ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የሁምቦ ወረዳ ከተማ በተበላም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት ሲነሣ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የቤተ ሙከራ ዕቃና የኬሚካል እጥረት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዶክተር አክሊሉ ታላቅ ግኝት የተጀመረው በአንድ ልብስ ማጠቢያ፣ በአንድ እፍኝ የተወቀጠ ፍሬና በጥቂት ቀንድ አውጣዎች መሆኑ መታወስ ይኖርበታል።

በዓድዋ ወንዝ ዳር

ዶክተር አክሊሉ የከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። ወደ አገራቸው እንደተመለሱም ትኩረታቸውን ያሳረፉት በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ነበር። ቢልሃርዚያ ንጹሕ ውኃ ባልተዳረሰባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎችን፣ በተለይም በወንዝ የሚዋኙና ከብት የሚያጠጡ ሕፃናትን የሚያጠቃ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚያሠቃይ በሽታ ሆኖ ቆይቷል። በሽታው ቀስ በቀስ ጉበትንና አንጀትን ይጎዳል፤ ሕፃናትን ያቀጭጫል፤ ከትምህርት ገበታም ያርቃል።

የበሽታው አመጣጥ ዑደት አለው። በሽታው ያለበት ሰው በውኃ ውስጥ ወይም በውኃ አጠገብ ሲጸዳዳ የጥገኛ ትሉ እንቁላሎች ከውኃው ይቀላቀላሉ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ተሕዋስ በጣፋጭ ውኃ ውስጥ ወደሚኖር የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት እጮችም ወደ ውኃው የገባውን ሰው ቆዳ በስተው ወደ ሰውነቱ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ዑደቱ ይቋረጣል ማለት ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ከተማ የወንዞቹን ቀንድ አውጣዎች በማጥናት ላይ ሳሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። እናቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ከማጠቢያው ሥፍራ ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ያለው ልዩነት የእንዶዱ አረፋ ብቻ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ወስደው ሕያው ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ እንዲጨምሩ ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር የሳይንስን ዋና ዋና ደረጃዎች አሟልቷል። በመጀመሪያ ምልከታ ተደረገ፤ ቀጥሎ ንጽጽር መጣ፤ ከንጽጽሩ ግምት ተወለደ፤ ግምቱም ወዲያውኑ በሙከራ ተፈተነ። ሙከራው የተካሄደውም በዕውቀቱ ባለቤቶች ፊት፣ በእነርሱው ዕቃና በእነርሱው እጅ ነበር።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች የሚበቅል፣ በአጥርና በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሳፖኒን ተብለው በሚጠሩ ውሕዶች የበለጸገ ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ጠባይ አለው፦ አንዱ ወገን የስኳር ክፍል በመሆኑ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ከቅባት ጋር ይስማማል። እንዶድ አረፋ የሚያወጣውና ቅባት የያዘውን እድፍ ከልብስ ላይ የሚያስለቅቀው በዚህ ጠባዩ ነው። የሕዋሳት ሽፋን ቅባት ያለበት በመሆኑም ሳፖኒኑ ሽፋኑን ያናጋዋል። ቀንድ አውጣን፣ ዓሣንና ሌሎች በውኃ ውስጥ የሚተነፍሱ እንስሳትን የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ የሆኑትን ውሕዶች ለይተው ሲያወጡ ከእነርሱ አንዱን በግኝቱ ባለቤት ስም ለማቶክሲን ብለው ሰይመውታል።

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሌላም ነገር አሳይተዋል። በደረቀውና ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኖቹ በአብዛኛው የሚገኙት ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል በሌለው መልክ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ኤንዛይም ከሞለኪውሉ ላይ የተወሰነውን የስኳር ክፍል ቆርጦ ወደ ገዳዩ መልክ ይለውጠዋል። ፍሬው በፈላ ውኃ ወይም በአልኮል ቢዘጋጅ ኤንዛይሙ ሥራውን ስለሚያቆም ለውጡ አይከናወንም። እናቶች ከጥንት ጀምሮ እንዶዱን ወቅጠው በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፋቸው፣ የኬሚስትሪ ስሙን ባያውቁትም፣ ለዚህ ለውጥ ተስማሚ የሆነው አዘገጃጀት ነበር። ዶክተር አክሊሉ የሕዝብን ዕውቀት በአክብሮት መጠየቅ እንደሚገባ ያምኑ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ምርምሩን በአገር ውስጥ ማቋቋም

ዶክተር አክሊሉ ግኝታቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ በመሄድ ብቻ አልተወሰኑም። በ1966 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መርተዋል። ዓላማቸው በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የሚደርሱ በሽታዎች በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ በኢትዮጵያ ምድር እንዲጠኑ ማድረግ ነበር። ወጣት ተመራማሪዎች በተቋሙ ሠልጥነዋል፤ የተለያዩ የሳይንስ ዘርፎች ባለሙያዎችም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ተሰባስበው እንዲሠሩ ዕድል አግኝተዋል።

ከባልደረቦቻቸው መካከል ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በተለይ ይጠቀሳሉ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ የእንዶድ ዓይነቶችን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ሰብስበው በአንድነት እያለሙ በማነጻጸር፣ በምርትና በኃይል የተሻሉትን ለይተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ቁጥር 44 በመባል የሚታወቀው ዓይነት ከፍተኛ ዕውቅና አግኝቷል። በዚህ ሥራ የዱር ተክል የነበረው እንዶድ ገበሬ አልምቶ ሊጠቀምበት ወደሚችል ሰብል ተሸጋገረ።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ የተካሄደው የአምስት ዓመት ጥናት የዚህ ሁሉ ድካም መፈተኛ ነበር። በከተማው ዙሪያ ባሉ ወንዞች የተፈጨ እንዶድ በየጊዜው ይጨመር ነበር። በጥናቱ ፍጻሜ በጠቅላላው ነዋሪ ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ይበልጥ ዓይን የሚስበው ግን የሕፃናቱ ውጤት ነው። ከስድስት ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ 50 በመቶ የነበረው ስርጭት ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ትልልቆቹ ከጥናቱ በፊት የያዛቸውን በሽታ ተሸክመው የቆዩ ሲሆን፣ ሕፃናቱ ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በጥናቱ ዘመን በመሆኑ የእነርሱ ቁጥር የወንዙን መለወጥ በግልጽ ያሳያል።

ረጅሙ ክርክር

ይህን የመሰለ ውጤት ቢገኝም እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ፈጥኖ ተቀባይነት አላገኘም። በዘመኑ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የሚመከረው ኒክሎሳማይድ የተባለው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሠራሽ ኬሚካል ነበር። እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ያለው ደኅንነት በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም የሚል ጥያቄ ይቀርብ ነበር። ደኅንነትን ማረጋገጥ ተገቢ የሳይንስ ግዴታ መሆኑን ዶክተር አክሊሉም አልካዱም። የእርሳቸው ቅሬታ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች የተገኘ ውጤት በሌላ ቦታ ካልተደገመ በቀር እንደ ውጤት አይቆጠርም በሚለው አመለካከት ላይ ነበር። ድሃ አገር ለአገሯ በሽታ ከአገሯ ተክል መፍትሔ ስታገኝ፣ መፍትሔውን የምታረጋግጥበት ገንዘብና መሣሪያ ባለመኖሩ ብቻ ዓመታት ይባክናሉ፤ በእነዚያም ዓመታት ሕፃናት ወደ ወንዝ መውረዳቸውን አያቆሙም።

ከ1976 ወዲህ ዶክተር አክሊሉ ሥራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ቀጠሉ። በመጀመሪያ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ፣ በኋላም በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእንዶድን ጉዳይ አልተዉትም። የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ተመራማሪዎችን በዐውደ ጥናቶች አሰባሰቡ፤ የደኅንነት ምርመራው በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት የሚካሄድበትንም መንገድ አመቻቹ። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተደረገው ጥናት እንዶድ በተወሰነው መጠን ሲሠራበት በአጥቢ እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ መሆኑን፣ ዓይንን ግን የሚያስቆጣና ዓሣን የሚጎዳ መሆኑን አመልክቷል። በውኃ ውስጥም ብዙ ሳይቆይ ፈርሶ ኃይሉን ያጣል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን፣ አማራጭ የኖቤል ሽልማት እየተባለም የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ ድሃው ኅብረተሰብ በራሱ ዐቅም ሊጠቀምበት ለሚችል የቢልሃርዚያ መከላከያ የተሰጠ ዕውቅና ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንዶድ ባልተጠበቀ ቦታ ተፈላጊ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተስፋፋው የሜዳ አህያ መልክ ያለው የዛጎል እንስሳ የውኃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ነበር። በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ በሰጠበት ወቅት በተነሣው ሐሳብ መሠረት በተደረገው ሙከራ እንዶድ ይህንን እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። ጉዳዩም የአፍሪካ ገበሬዎችና እናቶች ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ዕውቀት የሚያስገኘው ጥቅም ለማን ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ አስነሥቶ በብዙ መድረኮች አከራክሯል። ባህላዊ ዕውቀትን መዝግቦ የመያዝና የባለቤቶቹን መብት የማስከበር አስፈላጊነት ሲነሣ የእንዶድ ታሪክ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ኤፕሪል 5 ቀን 1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ተቋም በዛሬው ጊዜ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በሚል ስማቸውን ይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምርና የማስተማር ሥራውን ቀጥሏል።

ታሪካቸው ለተበላ ትምህርት ቤትና ለነዋሪው

የዶክተር አክሊሉ ሥራ በዓድዋ ቢጀመርም ጉዳዩ ለወላይታ ሩቅ አይደለም። በወላይታ ዞን ቢልሃርዚያንና የአንጀት ትላትልን ስርጭት ለመግታት ገሺያሮ የተሰኘ ፕሮጀክት ተካሂዷል። ስያሜው በወላይትኛ ንጽሕናን የሚያመለክት ቃል ነው። ፕሮጀክቱ ሕዝቡን በመድኃኒት ማከምን ከንጹሕ ውኃ አቅርቦት፣ ከመጸዳጃ ቤት አጠቃቀምና ከጤና ትምህርት ጋር ያጣመረ ነው። ሁምቦ ወረዳ ከአባያ ሐይቅ ጋር የሚዋሰን በመሆኑም የውኃና የጤና ትምህርት ለአካባቢው ነዋሪ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

በተበላም ሆነ በሌላ ከተማ የሚገኝ የኬሚስትሪ መምህር የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ብዙ ወጪ በማይጠይቅ የክፍል ተግባር ሊያስተምር ይችላል። ለዚህም ሦስት ንጹሕና ብርሃን የሚያሳልፉ የውኃ ጠርሙሶች፣ የተወቀጠ ደረቅ እንዶድ፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ማስመሪያና ሰዓት ይበቃሉ። በአንደኛው ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ በሁለተኛው የሳሙና ውኃ፣ በሦስተኛው በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ የተጣራ የእንዶድ ውኃ እኩል እኩል ይደረጋል። ተማሪዎች ጠርሙሶቹን ከድነው ለእኩል ጊዜ ከናጡ በኋላ የአረፋውን ከፍታ በማስመሪያ ይለካሉ፤ ከአምስትና ከዐሥር ደቂቃ በኋላም ደግመው ለክተው በሠንጠረዥ ይመዘግባሉ። የንጹሑ ውኃ አረፋ ወዲያው ሲጠፋ የሁለቱ እንደሚቆይ ይመለከታሉ። ቀጥሎም በሁለቱ ላይ እኩል መጠን ያለው የሎሚ ጭማቂ ጨምረው እንደገና ይንጣሉ። የሳሙናው ውኃ በአሲዱ ምክንያት እየደፈረሰ አረፋው ይከስማል። የእንዶዱ ውኃ ምን እንደሚሆን መምህሩ አስቀድሞ ሳይነግራቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያዩና ምክንያቱን እንዲወያዩበት ማድረግ ይመረጣል። ሁለቱ አረፋ ቢያወጡም የተሠሩበት ሞለኪውል የተለያየ መሆኑን ከዚህ ይማራሉ።

የወላጆች ቀን ወይም የሳይንስ ሳምንት በሚከበርበት ጊዜ ተግባሩን በአደባባይ ማሳየት ይቻላል። በእንዶድ ልብስ ያጠቡ አረጋውያን እናቶች ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚዘፈዘፍ ለተማሪዎች እንዲያስረዱ ቢጋበዙ፣ ተማሪዎቹም የሰሙትን በጽሑፍ ቢይዙ፣ ትምህርት ቤቱ ከኅብረተሰቡ ጋር ይቀራረባል። ለጠፋው ኬሚካል ምትክ ከማግኘትም በላይ በቤት ያለው ዕውቀት በትምህርት ቤት ክብር ያገኛል።

በተግባሩ ወቅት የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ሊዘነጉ አይገባም። የእንዶድ ዱቄት አፍንጫንና ዓይንን ስለሚያስቆጣ ወቀጣው አየር በሚዘዋወርበት ሥፍራ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መከናወን ይኖርበታል። ዝግጅቱ ወደ ዓይን እንዳይረጭ መጠንቀቅ፣ ከተግባሩ በኋላም እጅን በሚገባ መታጠብ ያስፈልጋል። የእንዶድ ውኃ ዓሣ ባለበት ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ ውስጥ መደፋት የለበትም። ተማሪዎች ቀንድ አውጣ ለመሰብሰብ ወደ ውኃ እንዲገቡ ማድረግም አይገባም፤ በሽታው የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነውና። እንዶድን ለማንኛውም ሕመም መጠጣት ለከባድ መመረዝና ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ቢልሃርዚያ በዛሬው ጊዜ ፕራዚኳንቴል በተባለ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ይታከማል። በሆድ ቁርጠት፣ ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ ወይም በማይለቅ ድካም የሚሠቃይ፣ በወንዝ ወይም በሐይቅ ውኃ የመታጠብና የመዋኘት ልማድ ያለው ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ሕክምናውን ያገኛል። በትምህርት ቤት የመድኃኒት ዕደላ በሚካሄድበት ዕለትም ወላጆች ልጆቻቸው እንዳይቀሩ ቢያደርጉ ለልጆቻቸውም ለጎረቤቶቻቸውም ይጠቅማሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአንድ ወንዝ ዳር ቆመው ሞቶ የሚታየውንና በሕይወት ያለውን ለያይተው አዩ፤ ምክንያቱንም ከሚያውቁት እናቶች ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የነበረው ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ ድካም ሁሉ የመነጨው ከዚያች ጥያቄ ነው። በተበላ አንድ ክፍል ውስጥ ጠርሙስ ይዞ የአረፋ ከፍታ የሚለካ ተማሪም የሚጀምረው ከዚያው ነው።